ያልተበላሸው ስልክ

ከሚሴ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ሱቄ መነኸሪያው አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ስክሪን እቀይራለሁ፣ ቻርጅ አልይዝ ያለውን እከፍታለሁ፣ ከባቲ ገበያ ላብና አቧራ ጠጥቶ የተመለሰውን እጠርጋለሁ። የራሴ ስልክ ግን ከተሰነጠቀ ከረመ፤ ደንበኞቼም «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው፤ ደህና ስልክ አምጥተው «ተበላሽቷል በላት» የሚሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ጧት ከሱብሂ ሶላት በኋላ ተሰብስበው ቤት ድረስ ይሄዳሉ፤ ሴትዮዋን ግራና ቀኝ የሚይዟት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ነው የሚያረዷት። ድሮ ወሬ የሚመጣው በሰው ስለነበር ሰውየውን ማቆየት ይበቃ ነበር። ዛሬ ወሬው ከሰው ቀድሞ እናትየው እጅ ይገባል። ስለዚህ ልጇ ዓረብ አገር የሞተባት እናት መጀመሪያ ስልኳ ይወሰዳል። «አንዴ ልደውልበት» ብለው ይቀበሏታል፤ ቀጥሎ ተበላሸ ይባልና እኔ መሳቢያ ውስጥ ያድራል። መዋሸቱን ተክኜበታለሁ፤ ግን አልወደውም።

ባለፈው ዓመት አንድ ሐሙስ የመጣው ስልክ የአክስቴ ነበር።

አክስቴ የምትኖረው ጨፋ ሮቢት ነው። ስልኩን ያመጣችልኝ ጎረቤቷ ናት። የሁለቱ ሴቶች ልጆች በአንድ ቀን ተነሥተው ዓረብ አገር ሄደው እዚያው አንድ ከተማ ውስጥ ሰው ቤት ይሠራሉ። ዓርብ ዓርብ የድምፅ መልእክት ይልካሉ። እናቶቹ ማንበብ ስለማይችሉ ድምፅ ነው የሚሻላቸው፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዷ የሌላዋንም ልጅ ትሰማለች።

ጎረቤትየዋ ስልኩን ከሂጃቧ ሥር አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

«የአክስትህን ልጅ መኪና ገጭቷታል» አለችኝ። «እጇ ላይ በተገኘው ስልክ ነው ለሰፈሩ ሽማግሌ የደወሉለት፤ ቁጥሩ የእሷው ነው። እናቷን ነገ ጧት ያረዷታል። እኔ ዛሬ አብሬያት አድራለሁ። አንተ ብቻ ስልኩን እንዳትከፍተው።»

የአክስቴን ልጅ አዝዬ ነው ያሳደግኳት። ስልኩን አጠፋሁት። ጎረቤትየዋ ስትሄድ ሱቁን ዘግቼ አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ አክስቴ በጎረቤቷ ስልክ ደወለችልኝ። «ስልኬን ምን አገኘው?»

«ባትሪው ነው፤ ነገ ይደርሳል።»

«ነገ ዓርብ ነው። ልጄ ትልክልኛለች፣ እንዳታስቀርብኝ።»

«ኢንሻላህ» አልኳት። በዚያች ቃል እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

በነጋታው ሱብሂ ሰግጄ ስልኩን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መርዶው ከተነገረ በኋላ ዘመድ አዝማድ የሚደውለው በዚያው ስለሆነ መንገድ ላይ ከፈትኩት። ሸለቆው ውስጥ ማሽላው ግራና ቀኝ ቆሟል። ስልኩ እጄ ላይ መንጫጫት ጀመረ። ከማላውቀው የውጭ ቁጥር የመጣ የድምፅ መልእክት በመልእክት ላይ ተደርድሯል። አንዱን ነክቼ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። የአክስቴ ልጅ ናት።

«እማ፣ አብሽሪ፣ ደህና ነኝ። ስልክሽን ለምን ዘጋሽው? ስልኬን አብራኝ ለመጣችው አውሼያት ነበር። እሱን ይዛ ስትሻገር ነው መኪናው የገጫት። እኔ የሞትኩ መስሏቸዋል። በቃሌ የማውቀው ያንቺን ቁጥር ብቻ ነው። እማ፣ ለእናቷ በስልክ እንዳትነግሪያት፤ ለሽማግሌዎቹ ንገሪልኝ።»

«አልሀምዱሊላህ» ብዬ ጮህኩ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ቀጥሎ አክስቴን ይዛት ያደረችው ሴት ትዝ አለችኝና ደስታዬ አሳፈረኝ። ልጅቷ ትናንቱን ሙሉ ስትደውል ነበር፤ እኛ ደግሞ እውነቱ የሚመጣበትን አንዱን መንገድ በእጃችን ዘግተን ተቀምጠናል።

ስደርስ ሽማግሌዎቹ ከአክስቴ አጥር ውጭ ተቀምጠዋል፤ ገና አልገቡም። መልእክቱን ለትልቁ አሰማኋቸው። እስኪያልቅ አዳመጡ፤ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ዳበሱ።

«የዚያችኛዋ እናት ስልክ የት ነው?» አሉኝ።

«እጇ ላይ ነው።»

«በል ቅደም። እኛ እንከተልሃለን።»

አክስቴ መደብ ላይ ተቀምጣለች። «አካም ቡልቴ፣ ኢልመ ኮ፤ ስልኬን ሠራህልኝ?» አለችኝ፤ እንዴት አደርክ ልጄ ማለቷ ነው። ጎረቤትየዋ በቀኟ ናት፤ ዓይኗ እንቅልፍ አላየም። ስታየኝ ሰዓቱ ደረሰ ብላ የአክስቴን እጅ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ስልኳ ጭኗ ላይ ነው።

ወደ እሷ ጠጋ ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

«እትዬ፣ ስልክሽን አውሺኝ፤ አንዴ ልደውልበት።»

መጀመሪያ በእጄ የያዝኩትን የአክስቴን ስልክ አየች፤ በርቷል። ቀጥላ በሩን አየች። ሽማግሌዎቹ እየገቡ ነው፤ የሚያዩት ግን አክስቴን አይደለም። ሌላ የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም፤ ይህን ቃል እሷም ትናንት አክስቴን ብላታለች።

ስልኩን ሰጠችኝ። የአክስቴን እጅ ግን አልለቀቀችም።