ውሃው ደርሷት ይሆን?

ኩማሲ ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ አንድ የመማሪያ ክፍል በር ላይ የተላጠ ብርቱካን እሸጣለሁ። ሰኞ ሐኪም፣ ረቡዕ የሕግ ሰው፣ ዓርብ የሃይማኖት መምህር እየተፈራረቁ ስለ ሕይወትና ስለ ሞት ያስተምራሉ። አንድ ሽማግሌ ከአንዱም ትምህርት አይቀርም። ጥቁር የሐዘን ኩታውን በግራ ትከሻው ላይ ጥሎ ይመጣል፤ የጎሳ አለቃ ፊት የሚቀርብ ይመስል ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። የአንደኛው ማሰሪያ በሽቦ የተጠገነ ነው። ደብተር አይይዝም።

"አባባ፣ ዘንድሮ ልትመረቅ ነው?" ይሉታል ተማሪዎቹ።

"እናንተ ካለፋችሁማ እኔ ምን ያቅተኛል!"

የሚጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው። በእኛ ዘንድ ሰው ሊሞት ሲል፣ ለመንገዱ እንዳይጠማው፣ እስትንፋሱ ሳይወጣ አፉ ውስጥ ውሃ ጠብ ይደረግለታል። ለሚስቱ ውሃውን የሰጣት እሱ ነው። የሆስፒታሉ ነርሶች እሱን ወደ ክፍሏ ያስገቡት ግን የመተንፈሻ መሣሪያዋ ከተነቀለ በኋላ ነበር። በዚያች ሰዓት በሕይወት ነበረች ወይ?

የሕጉ መምህር የሞት ማስረጃው ላይ የተጻፈውን ሰዓት እንዲያይ ነገረው። የሃይማኖቱ መምህር ነፍስ ቶሎ አትርቅም ብሎ አጽናናው። ትናንት ሐኪሟ ወንበሩ ድረስ ሄዳ፣ "አባቴ፣ ዋጠችው?" አለችው።

"በአገጯ ወረደ። በመሐረቤ ጠረግሁት።"

ሐኪሟ እጁን ያዘችው። ሽማግሌው ወጥቶ ብርቱካኔ አጠገብ ቆመ። በቀስታ፣ "እህቴ፣" አለኝ፣ "ረቡዕ የሚመጣው የሕጉ መምህር ነው አይደል? እሱን ደግሜ ልጠይቀው።"