መጥረቢያውን የሚይዘው ልጅ

የሚልካ ጎረቤት ከሆንኩ አሥራ አራት ዓመት አልፎኛል። ስለ እርሷ ስጽፍ እንዳላጋንን እፈራለሁ፤ ብዙ የሚወራላት ሴት አይደለችምና። ጠዋት ከሐይቁ ዳር ኦሜና የምንለውን ድቃቂ ዓሣ ትገዛለች፣ መረብ ላይ አስጥታ ታደርቀዋለች፣ ቅዳሜ ሆማ ቤይ ገበያ ወስዳ በጣሳ እየሰፈረች ትሸጣለች። ሰው ሲጣላ ቤቷ ትገባለች። ከባድ ነገር መናገር ሲኖርባት ደግሞ ትንሽ ትዋሻለች። ላማት ብዬ አይደለም፤ ራሷ ናት የነገረችኝ።

አምና አኬሎ የምትባል የአራት ዓመት ልጇ በወባ ታመመች። ሚልካ ልጅቷን ሐኪም ቤት ወስዳ ብቻዋን ተመለሰች። የበኩር ልጇ፣ የስምንት ዓመቱ ኦኩሙ፣ ከታናሽ ወንድሙ ጋር በር ላይ ቆሞ ነበር።

«እህቴስ?» አላት።

«ሐኪም ቤት ተኝታለች። ዓርብ ትመጣለች።»

ዓርብ አኬሎ በሣጥን መጣች። ከቤታቸው ጎን ቀበሯት። ከዚያ በኋላ እናቲቱ እያየች እንዳታለቅስ ዘመዶች ኩባያዋን፣ ቀሚሷን፣ ጫማዋን አንድ በአንድ አወጡ። ለኦኩሙ ማንም ምንም አላለውም።

ዘንድሮ ባሏ ኦዱንዶ ከአባቱ ግቢ ወጥቶ የራሱን ለመመሥረት ተነሣ። እኛ ዘንድ ይህ እንዲሁ ዕቃ ጭነው የሚሄዱበት ነገር አይደለም። በዕለቱ ጎህ ሲቀድ አባት አውራ ዶሮ፣ እናት በገል እሳት፣ የበኩር ልጅ አዲስ መጥረቢያ ይዘው ይወጣሉ። የመጀመሪያው ምሰሶ በዚያ መጥረቢያ ይቆረጣል። ቤቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆሞ ክዳን ለብሶ ማደር አለበት። የድሮው ቤት ውስጥ ሁለተኛ አይታደርም፤ አይጠገንም፣ ራሱ እስኪወድቅ ይተዋል። ክፉ የሚያስብ እንዳያበላሸውም ቀኑ ከሽማግሌዎች በቀር ለማንም አይነገርም።

«ለልጁስ?» ብላ ሚልካ ጠይቃ ነበር።

«ልጅ የሰማውን ገበያ ሰማው ማለት ነው፤ በዕለቱ ይነገረዋል» አሉ የባሏ አጎት አባባ ኦጋሎ።

ስለዚህ ሚልካ ዕቃዋን ቀስ በቀስ ወደ ባሏ እህት ቤት ታሻግር ጀመር።

«ድስቱ የት ሄደ?» ይላል ኦኩሙ።

«አክስትህ ተዋሰችው።»

«ምንጣፉስ?»

«እሱንም።»

«አክስቴ ቤት ምንም የለም እንዴ?»

«ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»

ልጁ መብላት ቀነሰ። ማታ ማታ የራሱን ኩባያ ታቅፎ ይተኛ ነበር። ሚልካ ይህን አይታለች፤ የመሰላት ግን ጨዋታ ነው።

ሐሙስ ገና ሳይነጋ ጠሩኝና ጎህ ሲቀድ እኔም ለልስኑ ጭቃ ልረግጥ ሄድኩ። ወንዶቹ ምሰሶና ቆርቆሮ ተሸክመው ቆመዋል። ኦዱንዶ ልጁን ቀስቅሶ መጥረቢያውን እጁ ላይ አኖረለት። «ዛሬ ወደ አዲሱ ቤታችን እንሄዳለን። አንተ የቤቱ በኩር ነህ።» ኦኩሙ መጥረቢያውን አየው፣ ባዶውን ቤት አየው፣ ሽንቴን ልሽና ብሎ መጥረቢያውን እንደያዘ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።

«ዶሮው መጥቷል፣ እሳቱ መጥቷል፣ ቆርቆሮው መጥቷል» አሉ አባባ ኦጋሎ። «የቀረው ባለቤቱ ብቻ ነው!»

ሰው ሳቀ። ኦዱንዶ አልሳቀም።

«ታናሽ ወንድሙ ሌላ መጥረቢያ ይያዝና እንሂድ» አለ አንዱ።

«በኩሩ በሕይወት እያለ?» አሉ አባባ ኦጋሎ። «አንተ ቤቱን ሳይሠራ ልታፈርሰው ነው እንዴ የመጣኸው? ዛሬ ካለፈ ደግሞ ዝናቡ ገባ ማለት ነው፤ ከአዝመራ በኋላ እንገናኝ።»

ኦዱንዶ ከአጥሩ አርጩሜ ቀነጠሰ።

«ጣለው» አለችው ሚልካ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ያን ቀን ብቻ ነው የሰማኋት። «እኔ አመጣዋለሁ።» እሳቱን እግሬ ሥር አስቀመጠችው። ፍሙ እንዳይጠፋ አመዱን እየገለጥኩ እፍ እል ጀመር።

ልጁን ያገኘችው ከመቃብሩ ኋላ፣ በቆሎው ውስጥ ነው። መጥረቢያውን ተቀምጦበታል። የተባባሉትን ኋላ እንደነገረችኝ እጽፈዋለሁ።

«የት ነው የምንሄደው?» አላት።

«ከጅረቱ ማዶ።»

«ዓርብ እንመለሳለን?»

አዎ ልትል አፏን ከፍታ ነበር።

«አንመለስም» አለችው። «እዚህ ሁለተኛ አናድርም።»

«እሷስ?»

«እሷ እዚሁ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመጣ በዚህ ነው የምታልፈው፤ ቀን ቀን ታያታለህ።»

«ቤቱ ሲወድቅ ላይዋ ላይ ቢወድቅስ?»

ሚልካ ተነሥታ ከግድግዳው እስከ መቃብሩ በእርምጃ ለካችለት። ስምንት እርምጃ ሆነ። «አይደርስባትም።»

«ዓርብ ትመጣለች ብለሽኝ ነበር።»

«ዋሸሁህ። ያን ጊዜ ሞታ ነበር። ልነግርህ ፈርቼ ነው።»

«ድስቱንም ዋሽተሻል።»

«ድስቱንም።»

«ሌላስ?»

«አዲሱ ቤት ጥሩ ነው ልልህ ነበር። እንጃ። ልስኑ እርጥብ ይሆናል፤ ዛሬ ይበርደናል።»

መጥረቢያውን ከሥሩ አውጥቶ ተነሣ። ሲመጡ ፀሐይ ወጥታ ነበር። «ቀደመችን!» ብለው አባባ ኦጋሎ አጉረመረሙ፤ ይህ ምን እንደሚያመጣ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ፍሙ ግን አልጠፋም ነበር። ልጁ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከአባቱ ኋላ ሄደ፤ ወደ መቃብሩ አልዞረም፣ እናቱንም አላያትም።

ቦታው ስንደርስ ኦዱንዶ ምሰሶውን ሊቆርጥ እጁን ዘረጋ። ኦኩሙ መጥረቢያውን ወደ ደረቱ ሳበው።

«ዛሬ የት ነው የምናድረው?»

«እናትህ አልነገረችህም?»

«ነግራኛለች። አንተም ንገረኝ።»

«እዚሁ።»

«ነገስ?»

«ነገም እዚሁ። ወደዚያ ለማደር አንመለስም።»

ያን ጊዜ ሰጠው። ሚልካ ከኋላው እሳቱን ይዛ ቆማ ሰምታለች። ቆርቆሮው ሊመሽ ሲል ተመትቶ አለቀ።

ቤት ልትለውጡ ያሰባችሁ፣ ድስቱ ከመውጣቱ በፊት ለልጆቻችሁ ንገሩ ማለት ይቃጣኛል፤ ግን ለማን መካሪ ልሆን? እኔም ያን ጠዋት ልጁ ሲቀሰቀስ ቆመው ካዩት አንዷ ነኝ። የማውቀው ይህን ነው፦ ሚልካ ዛሬም ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ የምትመለስበትን ሰዓት ለኦኩሙ ትነግረዋለች። እሱም አንገቱን ነቅንቆ ይሰማትና አባቱን ሊጠይቅ ይሄዳል።