አክስቴ ያጠበችው ገንዳ

አክስቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ አጥባለች። የሥራ ባልደረቦቿ «እማማ በረኪና» ይሏት ነበር፤ እሷም ስሙን አልጠላችውም። የጣቶቿ ጫፍ ከመላጡ የተነሣ አሻራዋ ጠፍቶ፣ መታወቂያ ልታሳድስ ሄዳ ጸሐፊው ጣቷን ደጋግሞ ቀለም ውስጥ ቢነክረው ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው ጥቁር ነጥብ ብቻ ሆነ። «ይኼን ጣት ይዤ ሌባ አለመሆኔ» እያለች ስትስቅ ትዝ ይለኛል። ለእሷ የዓለም ክፋት ሁሉ እድፍ ነው፤ እድፍ ደግሞ በሙቅ ውሃና በክንድ ይለቃል።

ታናሽ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ ሰዓት ሠሪ ነበር። ሚስቱ ከሞተች በኋላ እህቱ ዘንድ መጥቶ መንገዱን የሚያየው ክፍል ውስጥ ሲገባ ከዕቃው ሁሉ ይዞ የመጣው የሥራ መሣሪያውንና ሁለት ክንድ የሚረዝም የመስታወት የዓሣ ገንዳ ነው። ገንዳውን ሲያቋቁም ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ከታች ጥቁር አፈር፣ በላዩ ደቃቅ ጠጠር አነጠፈ። የውሃ ተክሎቹን በሰዓት ወረንጦው አንድ በአንድ ተከለ። ውሃው በባልዲ ያደረ መሆን አለበት፤ መብራቱም በቀን ከስምንት ሰዓት አይበልጥም፤ አለዚያ ዋቅላሚ የሚባለው አረንጓዴ ልባስ መስታወቱን ይሸፍነዋል። ይህን ሁሉ አድርጎ ሲያበቃ አንድም ዓሣ ሳያስገባ ስድስት ሳምንት ጠበቀ።

«ባዶ ውሃ ነው እንዴ የምትቀልበው?» አለችው አክስቴ።

«ባዶ አይደለም እትዬ። የውሃ ማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ዓይን የማያያቸው ፍጥረታት ይሰፍራሉ፤ የዓሣውን ቆሻሻ የሚበሉት እነሱ ናቸው። እነሱ ሳይበዙ ዓሣ ማስገባት፣ ሽንት ቤት በሌለው ቤት እንግዳ መጥራት ነው።»

«አንተ ደግሞ ለቆሻሻ ሎሌ ቀጠርክለት» ብላው ወደ ጓዳዋ ገባች።

ከዚያ አሥራ ሁለት ትንንሽ ዓሣዎች ገቡ። አጎቴ ከሥራ ሲመለስ ወንበሩን ከፊታቸው ስቦ ይቀመጣል፤ ስለ ሚስቱ ያኔ ብቻ ነበር የሚያወራው።

ሆዱን ታመመ። ሐኪሞቹ ከፍተው አዩና መልሰው ሰፉት። «ወር ነው፤ ቢበዛ ወር ተኩል» ብለው ለእሱም ለእኛም ነገሩን። እሱ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤት ገብቶ ዓሣዎቹን እያየ መተኛት። ሆስፒታል ሲገባ ስለ ምግባቸውና ስለ መብራቱ በወረቀት ጽፎ ለአክስቴ ሰጥቷት ነበር። ስለ ስፖንጁ ግን አልጻፈም፤ ለጥቂት ቀን ማን ይነካዋል ብሎ።

ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው አክስቴ እጅጌዋን ሰበሰበች። «ቁስሉ ያልሻረ ሰው እዚህ ጭቃ አጠገብ ይተኛ?» አለች። ተክሎቹን ነቅላ ከዓሣዎቹ ጋር በባልዲ አስቀመጠች፤ ጠጠሩን ከነአፈሩ ቀቀለች፤ ስፖንጁን በበረኪና ዘፍዝፋ አነጣች፤ መስታወቱን ፈትጋ ከቧንቧ ሞላችውና ዓሣዎቹን ብቻ መለሰችበት። ባልዲውን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ውሃው እንደ አየር ጠርቶ ስናየው ሁለታችንም ደስ አለን።

በማግሥቱ አጎቴ ትከሻዬን ተደግፎ ገባና ገንዳውን አየ።

«ስፖንጁን ምን አደረግሽው እትዬ?»

«አጠብኩልህ። እንደ ጥጥ ሆኗል፤ ላሳይህ?»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። «ደግ አደረግሽ» አላት።

በነጋታው ዓሣዎቹ ውሃው ጫፍ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። በአራት ቀን ውስጥ አሥራ ሁለቱም ተንሳፈፉ፤ አክስቴ እያንዳንዳቸውን በማንኪያ አወጣቻቸው። «ውሃው ተመርዟል፤ በረኪና ልጨምርበት» ስትል ነው፣ በረኪናው ቆሻሻ የሚበሉትን ፍጥረታት እንደፈጀ የግዱን የነገራት። ጫማዋን አጥልቃ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት።

ሠፈራችን ውስጥ በሱቁ ዓሣ የሚያረባ ፀጉር አስተካካይ ነበር። «ልጄ፣ ቆሻሻ ፈልጌ ነው» አለችው።

«የቱን እማማ? ፀጉሩን?» ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ከነሳሙናው ሳቀ።

«የዓሣህን። የስፖንጅህን ግማሽ ቁረጥልኝ።»

ቆርጦ ከነድፍርስ ውሃው በላስቲክ አሰረላት። «ታዲያ እንዳያጥቡት» አለ፣ ምንም ሳያውቅ። አክስቴ ያንን ጭቃ ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ቤት ሄደችና ማጣሪያው ውስጥ ከተተችው።

አጎቴ ጎንበስ ማለት ስላቃተው ተክሎቹን መልሳ የተከለችው እሷ ናት፤ እሱ ከአልጋው ሆኖ «አንገቱን አትቅበሪው፣ ሥሩን ብቻ፣ እንዲያ» ይላታል። በየማለዳው ከገንዳው በትንሽ ብልቃጥ ውሃ ቀድታ ከአጎቴ ዕቃ ያገኘችውን የውሃ መመርመሪያ ጠብታ ትጨምርበታለች። አረንጓዴ ከሆነ ከቆሻሻው የሚወጣው መርዝ ገና አለ፤ ቢጫ ከሆነ ዓሣ ይገባል። የተቀቀለው አፈር ግን ያለማቋረጥ መርዙን ይተፋ ስለነበር፣ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው።

ስፖንጁ በገባ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አጎቴ አንገቱን ማቅናት አቃተው።

«ዛሬስ እትዬ?»

«ቢጫ ነው» አለች አክስቴ።

«እስቲ አምጪው።»

ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ አሳየችው። በር ላይ ቆሜ ነበርና እኔም አየሁት፤ የለመለመ ሣር ይመስላል። አጎቴ ረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«እውነትሽን ነው፤ ቢጫ ነው» አለ።

«እንግዲያው ሮጥ ብዬ ሁለት ዓሣ ላምጣልህ።»

የቀሚሷን ጫፍ ያዘ። «አትሂጂ። ዛሬ ከእኔ ጋር ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ሁለቱም ተክሎቹን ብቻ ሲያዩ ዋሉ። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ረፋድ ላይ ሞተ።

ብልቃጡ ቢጫ የሆነው በተቀበረ በዘጠነኛው ቀን ነው። አክስቴ ጠርታ አሳየችኝ።

«ያን ዕለት አይቶት ነበር፣ አይደል?» አለችኝ።

«አይቶታል» አልኳት።

ውሃውን ደፍታ ብልቃጡን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ዓሣ አላስገባችም።