አምፑ ያወራ ዕለት

ሰበታ በረብሻ ተወጥራ መንገዱ በተዘጋበት ሰሞን ነው። እኔና ድራመራችን ታምራት በጸሎት ቤታችን አዳራሽ ውስጥ፣ የጊታር ድምፅ የሚያስተካክለውን አዲሱን ኮምፕሬሰር ከቤዝ ጊታሬ ድምፅ ማጉያ፣ ከአምፑ ጋር አገናኘን። ገና ጊታሬን ጥቂት እንደመታሁ ግን ከአምፑ የሰው ድምፅ ወጣ።

«ዱም ዱም የሚል ነገር ይሰማኛል፤ ተኩስ ሳይሆን አይቀርም።»

የታምራት ፊት አመድ መሰለ። «ገመዱ የፖሊስ ሬድዮ ጠልፏል! ኧረ ንቀለው ወንድሜ!»

መምታቴን አቁሜ የትኛውን ገመድ እንደምነቅል ጠፋኝ። አምፑ ቀጠለ፤ «አሁን ቆመ። አዳራሹ በር ላይ ነኝ።»

በሩ ተበረገደና አንድ ፖሊስ ጠመንጃውን ደግኖ ገባ። ጊታሬን ሲያይ ተንፈስ አለና ሬድዮውን ወደ አፉ አስጠጋ።

«ጊታር ነው» አለ።

አምፑም አብሮት «ጊታር ነው!» ብሎ አዳራሹን አናጋው።

ፖሊሱ ጠመንጃውን ወደ አምፑ አዞረና ጮኸ፦ «ማነው እዚያ ውስጥ? ውጣ!»