የፓስፖርቴ ኩላሊት

በደሜ ኤችአይቪ እንዳለ እዚህ ኦማን ከታወቀ ያላ ወደ አገርሽ ነው። ስለዚህ መድኃኒቴን ሲስተር አልማዝ ከአዲስ አበባ በርበሬ ውስጥ ደብቃ በሰው ትልክልኛለች። ክኒኑ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል እያለች ምርመራ ታስደርገኛለች። እኔም አርብ እረፍቴን ጠብቄ ዋዲ ከቢር ሰፈር ያለ ላብራቶሪ ለምርመራ ደም እሰጥና ውጤቱን በስልክ አነብላታለሁ።

ባለፈው፣ "ኩላሊት ስልሳ ሁለት ይላል" አልኳት።

"እሰይ! ከስልሳ ካልወረደ ቀጥዪ።"

"የላብራቶሪው ሰውዬ ግን ለሰላሳ ዓመት ሴት ዝቅ ይላል አለኝ" ብዬ ሳቅሁ።

"የምን ሰላሳ? አርባ ሰባት አይደለሽም እንዴ?"

"በፓስፖርቴ ነዋ! ማዳሞች ትልቅ ሴት አይቀጥሩም ብሎ ደላላው ቀነሰልኝ።"

አልሳቀችም። "ቁጥሩ እኮ ከደምሽና ከዕድሜሽ ነው የሚሰላው። እስቲ ክሬቲኒን የሚለውን የደም ቁጥር አንብቢልኝ።"

አነበብኩላት። በእውነተኛው ዕድሜዬ እንደገና አሰላችው።

"ሃምሳ ስድስት ነው" አለች። "መድኃኒቱ መቀየር አለበት።"

ደላላውን ልረግም አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"እስከ ዛሬ ስታነቢልኝ የኖርሽውም ሁሉ በፓስፖርትሽ ዕድሜ ነው እንዴ?"