ሞተሩን መሰናበት

አባዬ መኪና ሲያጠፋ ይሰናበታል። ቁልፉን ከመመለሱ በፊት ነዳጁን አንዴ ረገጥ ያደርግና፣ ሞተሩ «ቭሩም!» ብሎ ሳይጨርስ ጭጭ ያሰኘዋል። ልማዱ ታክሲ ይነዳ ከነበረበት ጊዜ የመጣ ነው። ያኔ አሮጌዎቹ አረንጓዴና ነጭ ታክሲዎች፣ ካርቡራተራቸው ውስጥ ትንሽ ቤንዚን ካላደረ ጠዋት አይነሱም ነበር። ቢያንስ ካርቲየ 1 የሚባለው ሰፈር ሾፌሮች በሙሉ የሚያምኑት እንደዚያ ነው። «ሳትሰናበቺው ካጠፋሽው ነገ ያኮርፍሻል» ይለኛል። እኔም መሪ ጨብጬ ሳላውቅ አመንኩ።

ታክሲውን ትቶ የአንድ ፈረንጅ ሾፌር ሲሆንም ልማዱ አብሮት መጣ። ፈረንጁን ሁላችንም «ሙስዮ» ነው የምንለው፤ ወደብ ላይ ይሠራል። እማዬ ቤቱን ትይዝለታለች፣ አባዬ ይነዳለታል፣ ሦስታችን ከግቢው ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች እንኖራለን። ከዚያ በፊት የነበርነው ከተማው ዳር፣ ዋራበሌ ነው፤ ቆርቆሮ ቤት፣ ውሃ በጄሪካን፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ ሁለት ሚኒባስ። ስለዚህ አባዬ ሥራውን ካጣ የሚያጣው ሥራውን ብቻ አልነበረም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም፤ እማዬ የሙስዮን ብርጭቆዎች የምትይዝበትን አያያዝ አይቼ ነው ያወቅኩት።

ሙስዮ የስፖርት መኪና ነበረው፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ሞተሩ ኮፈኑን ጢም አድርጎ የሞላ። አባዬ ያንን መኪና እንደ ሰው ነበር የሚያየው። አምና ተሸጠና በምትኩ ከዚያው ዓይነት አዲሱ በመርከብ መጣ። ቅርጹ ያው ነው። አባዬ ግን ኮፈኑን ከፍቶ አንገቱን ውስጥ አስገባ።

«የቀረውስ?» አለ።

«ምኑ አባዬ?»

«ሞተሩ ነዋ! ግማሹን ወደብ ላይ ሰርቀውታል።»

ያኔ ነው የኔ ነገር የተጀመረው። አባዬ ለሰላምታና ለመንገድ የሚሆን ፈረንሳይኛ ከሶማልኛና ከዓረብኛ ጋር ቀላቅሎ ይናገራል፤ ማንበብ ግን አይችልም። እኔ የምማረው በፈረንሳይኛ ነው። ሙስዮ የመኪናውን ወፍራም መጽሐፍ ሰጠኝና «ለአባትሽ ሁሉንም አንብቢለት» አለኝ። «ሁሉንም» የምትለዋን ጫን አድርጎ ነው ያላት።

እኔ ደግሞ የሚጥመኝን አነበብኩ። ሞተሩ አራት ሲሊንደር ብቻ ቢሆንም ቱርቦ አለው፤ ተቃጥሎ የሚወጣው ጭስ አንዲት ትንሽ መዘውር ያሽከረክራል፣ መዘውሯ አየር እየጠቀጠቀች ወደ ሞተሩ ትገፋለች። በዚህ ምክንያት ትንሹ ከትልቁ እኩል ይጎትታል፣ እንዲያውም ይበልጠዋል። ይህን ስነግረው አባዬ ሳቀ። «በገዛ ጭሱ የሚሮጥ! እንዲህ ከሆነማ የእናትሽ ከሰል ምድጃም ባሕረ ሰላጤውን ዞሮ ታጁራ ይደርሳል።» ሳቁ ደስ አለኝ። ቀሪውን ገጽ በጣቴ እየገለጥኩ አለፍኩትና «ጨረስን» አልኩት።

ሙስዮ ለሳምንት ወደ አገሩ ሄደ። «ባትሪው እንዳይሞት አንዳንዴ አውጣት» ብሎት ነበርና፣ በመጨረሻው ቀን፣ ሙስዮ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሚያርፍበት ዓርብ፣ አባዬ «ነይ ግቢ» አለኝ። ባልባላን አልፈን ሽቅብ ወደ አርታ መንገድ ወጣን። አባዬ ዳገቱ ላይ ረገጠ። መጀመሪያ ምንም የለም፤ ከዚያ «ሽውውው» የሚል ቀጭን ፉጨት መጣ፣ ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ። ጮህኩ! አባዬም ጮኸ! «አንቺ፣ ይሄ ነገር እኮ ምንም አልተሰረቀበትም!» አለ።

ስንመለስ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ በኩል ዞረንና ውሃ ልንገዛ ቆምን። ሞተሩ እንደ ጋለ ነው። አባዬ በደስታው እንደ ወትሮው ሳይሆን አብልጦ ተሰናበተው። «ቭሩሩሩም!» ጭጭ።

ውሃችንን ይዘን ተመልሰን ስናስነሳው ሌላ መኪና ሆነ። ከኮፈኑ ሥር የሚያፏጭ አየር ይሰማል፣ ነዳጅ ሲረገጥ ይንፏቀቃል፣ መሪው ፊት ለፊት አንዲት ብርቱካናማ መብራት በርታለች። አባዬ ዳር ይዞ አቆመ። አጠፋው፤ በዚህ ጊዜ ግን ሳይሰናበት።

«ኮፈኑን ክፈተው» አልኩት።

«የማላውቀውን አልነካም። አሮጌው ቢሆን በጥርሴ እፈታው ነበር።» ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ። «እስቲ መጽሐፉን እይው፤ መብራቷ ምንድን ናት?»

ስምንት ሰዓት ነው። የዕለቱ ጫት ገብቷል፣ ከተማው ሊቅም ቤቱ ገብቷል፣ የተከፈተ ጋራዥ የለም። መኪናው ውስጥ እንደ ዳቦ እየበሰልን ነው። መጽሐፉን ከፊት ለፊቴ ካለው ኪስ አውጥቼ ገለጥኩ፤ መብራቷ «ሞተሩን አስመርምሩ» ከማለት ሌላ ምንም የላትም። ከዚያ ያን ያለፍኩትን ክፍል አገኘሁት። ጥቁር ሳጥን ውስጥ በደማቁ ተጽፏል፦ ከከባድ ጉዞ በኋላ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ፤ ቱርቦው ዘይት እንዳያጣ ሳትረግጡ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቆሞ በዝግታ ይሥራ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ ከፓሪስ ሆኖ አባዬን አይቶ የጻፈው መሰለኝ።

«ምን ይላል?»

«ስለ ጎማ ነው» አልኩ።

ለምን እንደዋሸሁ አሁንም አላውቅም። እንደ ምንም እየተጎተትን ቤት ገብተን እማዬ ምሳ ስታቀርብ መብላት አቃተኝ። አባዬም አልበላም። እማዬ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየችና፣ «ዋራበሌ ያለው ቤት ተከራይቷል ወይስ ባዶ ነው?» አለች። ያቺን ጥያቄ መሸከም አልቻልኩም። ግቢው ውስጥ አባዬን ተከትዬ ወጣሁና ሁሉንም ነገርኩት፤ ገጹን፣ ማለፌን፣ ጎማውን።

ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ ቆየ። «አሥር ወር ሙሉ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አሥር ወር ሙሉ እየተሰናበትኩ ስገድለው ኖሬያለሁ ማለት ነው?» ከዚያ «ነይ፣ ልበሺ» አለኝ። «አንቺ ትነግሪዋለሽ። እኔ እንደምለው፣ ሳትቀንሺ።»

እየተንፏቀቅን አውሮፕላን ማረፊያ ደረስን። ሙስዮ ሻንጣውን እየጎተተ ወጣ፣ ፈገግ አለ፣ ከዚያ የአባዬን ፊት አየ። አባዬ ቀጥ ብሎ ቆሞ በአማርኛ ጀመረ፦

«መኪናውን እኔ ነኝ ያበላሸሁት በይው። እንደ ጋለ ረግጬ አጠፋሁት። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የማደርገው በይው።»

አንደበቴ ላይ ብዙ ፈረንሳይኛ ነበረ። «ድንገት ቆመብን» ማለት እችል ነበር፤ አባዬ አያውቅም፣ ሙስዮም አያውቅም፣ የምናድረው እዚያው ክፍላችን ውስጥ ይሆን ነበር። አባዬ ያለውን አንድ በአንድ አልኩ። ከዚያ እሱ ያላለውን ጨመርኩ፦ «ሁሉንም አንብቢለት ብለውኝ ነበር። እኔ ዘልዬዋለሁ።»

ሙስዮ ሁለታችንንም አየን። መሪው ላይ ተቀመጠ፣ አስነሳ፣ ለአባዬ በእጁ ኮፈኑን አመለከተው። ከዚያ ረገጠ።

አባዬ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሰጠ። ለአሮጌው ሞተር ይሰጠው የነበረውን ያንኑ ጆሮ። መዳፉን ከላስቲክ ቱቦው በላይ ቀስ እያለ አስኬደ፣ አስኬደ፣ ቆመ። «እዚህ ጋ ይተነፍሳል» አለ። ከቱርቦው አየር የሚወስደው ወፍራም ቱቦ ከአፉ ሾልኮ ወጥቷል፤ የሚይዘው የብረት ቀለበት ላልቷል። አባዬ ሞተሩን አስጠፍቶ እጁን በሸሚዙ ጠቅልሎ ቱቦውን ወደ ቦታው መለሰው፣ ቀለበቱን በሳንቲም ጠርዝ እየጠመዘዘ አጠበቀው። ሙስዮ ደግሞ አስነስቶ ረገጠ። «ሽውውው!» ያ ቀጭን ፉጨት። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ድምፅ የለም፤ እዚያው መኪና ማቆሚያው ላይ ዘለልኩ።

ሙስዮ ግን አልሳቀም። «ለአባትሽ ንገሪው» አለኝ፣ «ቱርቦው ዛሬ አልሞተም። እንደዚያ እያጠፋው ከቀጠለ ግን ይሞታል፣ ያኔ ሌላ ሾፌር እፈልጋለሁ። አንቺ ደግሞ ከገጽ አንድ ትጀምሪያለሽ። በሚቀጥለው ዓርብ ሁለታችሁንም እጠይቃለሁ።»

ሳልቀንስ ተረጎምኩ። አባዬ «ዊ፣ ሙስዮ» አለ፤ ይህን ለማለት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ግቢ ስንደርስ ሙስዮ ሻንጣውን ይዞ ገባ። አባዬ መሪው ላይ ቀረ። ቀኝ እግሩ በልማዱ ሲነሳ አየሁት፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሳበውና ወለሉ ላይ አሳረፈው።

«ቁጠሪ» አለኝ።

እኔ በፈረንሳይኛ፣ እሱ በአማርኛ፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ቆጠርን። አርባ ላይ እማዬ መሐረቧን እያስተካከለች ብቅ አለች፣ ፊቷ ገና አልተፈታም። «ምነው ሞተሩ የማይጠፋው? ምን ሆናችሁ?»

«ቆይ አንቺ» አላት አባዬ፣ «እያረፈ ነው።»

ስልሳ ስንል ቁልፉን መለሰ። ሞተሩ ሳይጮህ ጠፋ። አባዬ ሳይሰናበተው እንደ ተለየው ሰው ትንሽ አየውና፣ «በይ መጽሐፉን ያዥና ግቢ» አለኝ።