ስትለካ የጠራችው ቁጥር

አክስቴ ሰው የምታውቀው በትከሻና በወገብ ነው። መንገድ ላይ አንዷን ስታገኝ፣ «ደህና ነሽ?» ከማለቷ በፊት ዓይኗ ዞሯት ይመለሳል። ሰፈሩ «ሜትሯ» ይላታል። እርግዝናን ከባል ቀድማ፣ ጭንቀትን ከጎረቤት ቀድማ ታውቃለች፤ ያወቀችውን ግን ዋጥ አድርጋ ዝም ነው። እኔ ብሆን አልችልም።

ሱቃችን ጠባብ ናት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስኮቱ ስትገባ፣ ሽቦው ላይ የተሰቀሉት ያልተጨረሱ ቀሚሶች ነፍስ እንደዘሩ ቀስ እያሉ ይወዛወዛሉ። በእንዲህ ያለ ሰዓት የአክስቴ ግማሽ ልብ እዚህ የለም። ቀሚሶቹ ባለቤቶቻቸውን ፍለጋ በየደጁ ሲዞሩ በህልሟ ታያለች። እንዳትስቁ፤ እኔም አንድ ሁለቴ አልሜዋለሁ።

ሥራችን እንዲህ ነው፤ እሷ እየለካች ቁጥር ትጠራለች፣ እኔ ከስፌት መኪናዬ ኋላ ሆኜ እጽፋለሁ። እኔ ከሌለሁ በስልክ መልእክት ትልክልኛለች፤ ስም፣ ደረት፣ ወገብ፣ ከሥሩ ማሳሰቢያ። «የሙሽራዋን ሆዱ ላይ ልቀቂላት፤ ለማንም እንዳትናገሪ።» «የመምህሯን ገበር ደርቢበት፤ በጣም ከስታለች።»

መምህሯ ዓመቱን ሙሉ ቀሚስ ለማስጠበብ ስትመላለስ ነበር። «ዳይት ጀምሬ ነው» ብላ ትስቃለች፤ አክስቴም አብራት ትስቃለች። አንድ ቀን ግን የመለኪያው መጋረጃ ውስጥ ሆና እውነቱን ነገረቻት፤ ክፉ በሽታ ነው። ልጇ ፈተናዋን እስክትጨርስ እንዳትሰማ ለመነቻት። ከዚያ ወዲህ አክስቴ በገበር ላይ ገበር እየደረበች፣ ሴትዮዋን እንደ ድሮዋ ሞላ አድርጋ ወደ ልጇ ትመልሳት ነበር።

ታዲያ አንድ ከሰዓት፣ እኔ ክር ልገዛ ወጥቼ፣ አክስቴ ደንበኛ እየለካች ሳለ ስልኳ ጠራ።

«እናቴ፣ ከኔትወርክ ክፍል ነው። መስመርዎ እንዳይቋረጥ አሁን በመልእክት የገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ።»

ድምፁ ለስላሳ ነበር አለችኝ፤ እንቅልፍ የሚያመጣ። አክስቴ ከንፈሯ መሃል እስፒል፣ አንገቷ ላይ ሜትር፣ ልቧ እዚያ የተለመደው ቦታዋ። ዕድሜዋን ሙሉ ቁጥር ስትጠራ ኖራለች። ጠራችለት። እንደ ደረትና ወገብ አንድ በአንድ፣ እንዳይሳሳት ደግማ ደጋግማ። «ይባረኩ» አላት፤ እሷም «አሜን» አለች!

ስመለስ ስልኳ ላይ የምንጻጻፍበት አካውንት ውስጥ መግባት አቅቷታል። ሌባው ደግሞ በእሷ ስም ለደንበኞቻችን «ቸግሮኛል፣ ድረሱልኝ» እያለ ይጽፋል። ተሯሩጬ አስመለስኩት፤ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ጨመርኩበት፤ የቆየውን መልእክት ሁሉ አጠፋሁ።

«ይኸው፣ አለቀ» አልኳት።

«ያነበበውስ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የመምህሯ ልጅም ደንበኛችን ናት፤ ስልክ ቁጥሯ እሱ እጅ ገብቷል።

«ለእያንዳንዳቸው ሄጄ እነግራለሁ» አለች።

«አብደሻል እንዴ? ከዚያ በኋላ ማን ሊለካ ይመጣል? ሱቁን ዝጊው በይኝ!»

ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ወጣች። ተከተልኳት፤ ምን ላድርግ? አሁንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ከሙሽራዋ ቤት ተሰድበን ነው የወጣነው፤ ሌላዋ ሻይ አቅርባልን ስታበቃ ያልተሰፋ ጨርቋን መልሱልኝ አለች። ፀሐይዋ አልጠልቅ ብላለች፤ መንገዱ ሁሉ ቢጫ። አክስቴ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ተኝታ እንደምትሄድ ሰው ነበር የምትራመደው።

መጨረሻ ላይ የመምህሯን በር አንኳኳን። ልጅቷ ጓዳ ሆና ጮክ ብላ ታጠናለች።

«እህቴ» አለች አክስቴ፣ ሳትቀመጥ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ልክሽ ተሰርቋል። ስላንቺ የጻፍኩትም። ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ አፌ።»

መምህሯ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ሰበሰበች።

«ገላዬን ላንቺ ብቻ ነበር ያሳየሁት።»

አክስቴ አለቀሰች። እኔ ዓይኔን የማሳርፍበት አጥቼ ወለሉን አየሁ። በዚያች ደቂቃ ስለ ሱቁ ማሰቤ ቀርቶ ነበር።

መምህሯ ወደ ጓዳው በር አየች። «ከማታውቀው ሰው ከምትሰማው…» ብላ ሳትጨርሰው ተወችውና ልጇን ጠራች። ጥናቱ ቆመ። አክስቴ እንባዋን ጠርጋ ወደ መውጫው ዞረች።

«ወዴት ነው?» አለች መምህሯ። እጇን አፈፍ አድርጋ ያዘቻት። «ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ቁጭ በይ፤ ብቻዬን አልችለውም።»

ልጅቷ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ፈገግ እያለች ወጣች። መምህሯ በግራ እጇ አጠገቧ ያለውን ወንበር ለልጇ ጠቆመቻት። በቀኟ የአክስቴን እጅ ጨብጣ ነበር፤ አልለቀቀችውም።